«ኑ» ብዬ የጻፍኩ ጊዜ

አንባቢ ፍለጋ የወጣሁት ማንም ሳይለምነኝ ነው። ይሄ ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ። ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አማርኛ የማስተምር፣ ከጎረቤት ጋር ተከባብሬ የምኖር፣ ደህና ሰው ነበርኩ። ምን ቅብጥ እንዳደረገኝ እንጃ፣ አንድ ቀን ተነስቼ በየሳምንቱ በኢሜይል የሚላክ ጽሑፍ ጀመርኩ። ኒውስሌተር ይሉታል። እኔ «ሳምንታዊ መልእክት» ብዬ ሰየምኩት፤ ነገሩ ገና በስሙ ከበደ። ስለ ከተማችን፣ ስለ ገበያው፣ ስለ እንሰቱ፣ ከዚህ ወጥተው አዲስ አበባና ደቡብ አፍሪካ ለሚኖሩ ልጆቻችን እጽፋለሁ አልኩ። ልጆቻችን ጻፍልን አላሉኝም።

የመጀመሪያዎቹ ተመዝጋቢዎች እኔ፣ ሁለተኛው ኢሜይሌና ርእሰ መምህራችን ነበርን። ርእሰ መምህሩም የተመዘገበው መምህራን በሙሉ በተቀመጡበት ስብሰባ ላይ ስለጠየቅኩት ነው። በሰው ፊት እምቢ ማለት ከበደው። እስካሁን አንዱንም እንዳልከፈተ አውቃለሁ፤ ማን እንደከፈተና ማን እንዳልከፈተ የሚያሳይ ነገር አለው፣ እሱን እያየሁ ስበግን ነበር የምውለው።

አማርኛ የአፍ መፍቻዬ አይደለም። ቤታችን የሚወራው ሀዲይኛ ነበር፤ አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት፣ ያውም በኩርኩም ነው። ስለዚህ ሳወራ ደህና ነኝ፣ መጻፍ ስጀምር ግን አማርኛዬ ከረባት ታስራለች። «ውድ አንባቢያን ሆይ፣ የክረምቱን መገባደድ ተከትሎ በከተማችን እየታየ ያለው…» እያልኩ ነበር የምቀጥለው። ባለቤቴ ከምባታ ናት፣ የአንጋጫ ልጅ። እሷ ከምባትኛ፣ እኔ ሀዲይኛ ስለሆንን ቤታችን ውስጥ የምንገናኘው አማርኛ ላይ ነው። አንዱን ጽሑፌን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። ሽንኩርት እየከተፈች እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ ይሄ ደብዳቤ የሚገባው ለዞኑ ነው ወይስ ለክልሉ ብላ ጠየቀችኝ። ተናደድኩ። ሁለት ቀን አኮረፍኩ። ማኩረፌን ልብ ያለችው አይመስለኝም።

እሷ የቸገራት ሌላ ነገር ነበር። ከተጋባን ጀምሮ አባቷ ለአንድም ያሆዴ ቤታችን መጥተው አያውቁም። ያሆዴ ሀዲያዎች መስቀልን የምንጠራበት ስም ነው፤ ለእኛ ዓመት የሚባለው የሚዞረው በሱ ነው። ባለቤቴ ዓመቱን ሙሉ ከሠፈር ሴቶች ጋር የቅቤ ዕቁብ ትጠጣለች፤ ዕጣዋ ለበዓሉ እንዲደርስላት ትለምናለች፣ ትጨቃጨቃለች። በዋዜማው አታካና ትሠራለች። ቡላ ነው፣ በቅቤና በወተት የሚበስል፤ የቀመሰው ያውቀዋል። እንደወጣ፣ ማንም ሳይነካው፣ በአንዲት ጥቁር ጣባ ለአባቷ ታነሳለች። ትከድናለች። መደርደሪያው ላይ ታስቀምጣለች። ማታ ድረስ በሩን ታያለች። አይመጡም። በማግስቱ ጠዋት ጣባዋን ጠርጌ የምበላት እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ሲያድር ይጥማል።

የማይመጡበት ምክንያት ምስጢር አልነበረም። በእሳቸው ወግ አማትን ለበዓል የሚጠራ አማቹ ራሱ ነው። ደጃቸው ድረስ ሄዶ፣ ቆሞ፣ በገዛ አፉ «ኑ» ይላል። ልጃቸው በስልክ የምትነግራቸውን ይሰማሉ፣ ይመርቋታል፣ ግን እንደ ጥሪ አይቆጥሩትም። እና እኔ ለምን አልሄድኩም? ፈርቼያቸው ነዋ። ገና ስንተጫጭ፣ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት፣ ልጄ ምን ትሠራለህ ብለው ጠየቁኝ። አማርኛ አስተምራለሁ ማለት ስችል፣ ቋንቋ ለአንድ ማኅበረሰብ ስላለው ፋይዳ ማስረዳት ጀመርኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እየጸለዩ ነው ብዬ ቀጠልኩ። ለካስ ተኝተው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአንጋጫ መንገድ ለእኔ ሁልጊዜ ጭቃ ነው። ጭቃው ሲደርቅ ምዝገባ አለብኝ፤ ምዝገባው ሲያልቅ ያመኛል።

ወደ አንባቢዎቼ ልመለስ። የተመዝጋቢው ቁጥር አልንቀሳቀስ ሲል አንድ የውጭ አገር ሰው በነፃ የሚያስተምርበትን ቪዲዮ አገኘሁ። ሰውየው ሲያወራ ጥርሱ አይከደንም። የሚለው ግን ቀላል ነው። ሰው ዝም ብሎ ኢሜይሉን አይሰጥህም፤ መጀመሪያ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አውራው። አጭር ጻፍ። እንደምታወራ ጻፍ። በጥያቄ ጨርስ። ለሚጽፍልህ ሁሉ መልስ ስጥ። ከተግባባችሁ በኋላ ሳምንታዊ ጽሑፍ አለኝ፣ ልላክልህ ወይ በለው። እኔ ይሄን ስሰማ ንቄው ነበር። የድርሰት አጻጻፍ የማስተምር ሰው ነኝ፤ መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ የሌለው ነገር ጽሑፍ ይባላል እንዴ?

ሐሳቤን ያስቀየረኝ ንዴት ነው። አንድ ቀን ከመናኸሪያ ወደ ቤት ስመለስ ባለባጃጁ አራተኛ ሰው አድርጎ ሾፌሩ አጠገብ ጫነኝ፤ ግማሽ ጎኔ ዝናብ ላይ ነበር። ቤት ስገባ ልብሴን ሳልቀይር ማኅበራዊ ሚዲያ ገጼ ላይ ጻፍኩ፦ «ባጃጅ ላይ አራተኛ ሆኜ ተጫንኩ። የተቀመጥኩት በግማሽ፣ ሒሳብ የከፈልኩት በሙሉ። እናንተ ጋስ እንዴት ነው?» ይኸው ነው። መግቢያ የለው፣ መደምደሚያ የለው። ራት በልቼ ስመለስ ሰዉ ሠርግ ቤት ይመስል ግልብጥ ብሎ ገብቷል።

ያሳደገኝ ግን ጽሑፌ አይደለም፤ ሰላምታችን ነው። እኛ አገር ሰላም ነህ ያለህን ሰው ሰላም ነኝ ብለህ አታልፈውም። አንተስ? ልጆቹስ? እናትህስ? ከብቱስ? እንሰቱ እንዴት ከረመ? ደቡብ አፍሪካ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ያለ ልጅ ሰላም ነህ ጋሼ ሲለኝ አንድ በአንድ ጠየቅኩት። እሱም አንድ በአንድ መለሰ፣ ከዚያ ተራው የሱ ሆኖ እኔን ከከብቱ ጀመረኝ። ከብት የለኝም። የለኝም ስለው አዘነና ምን ሆኑብህ ብሎ ጠየቀ። አልጎሪዝም የሚሉት ነገር ይሄን ሁሉ ምልልስ ሲያይ ትልቅ ክርክር የተነሳ ሳይመስለው አልቀረም፤ ፖስቴን ለማያውቁኝ ሰዎች ሁሉ ያሳይልኝ ጀመር። የማያውቁኝም ገቡና እንደምን ሰነበትክ አሉ። ለእነሱም ከእናታቸው ጀመርኩ።

ሳምንታዊ ጽሑፍ አለኝ፣ ልላክላችሁ ወይ ስላቸው የኢሜይል አድራሻ መምጣት ጀመረ። ደስታዬ ግን ትንሽ ቆይቶ ግራ አጋባኝ፤ ከከተማው የመጡት አድራሻዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፣ መጨረሻቸው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው የሚለያየው። የማውቀው ስም ነው ብዬ ሳስብ የሠፈራችን የስልክ ሱቅ ስም ሆኖ አገኘሁት። ባለሱቁ አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ከእኔ በተሻለ ሀዲይኛ የሚቀልድ ሰው ነው። ሄጄ ጠየቅኩት። አልደነገጠም። ስልክ የሚገዛ ሰው ኢሜይል ከሌለው ስልኩ አይከፈትለትም፣ ስለዚህ እኔ በሱቄ ስም እከፍትለታለሁ አለኝ። የይለፍ ቃሉም ሁሉም አንድ ነው፣ እሱ ያውቀዋል። «ግማሹ አንባቢህ እኔ ነኝ ማለት ነው» አለ። ታነበዋለህ ወይ ብዬ ጓጉቼ ጠየቅኩት። የት ጊዜ አለኝ አለ።

ይሄ ሊያዋርደኝ ሲገባ አላዋረደኝም። ሰው ሲያብጥ መርፌም አይሰማውም። መንገድ ላይ አረማመዴ ተቀየረ። ክፍል ውስጥ የተማሪ ድርሰት አጭር ሲሆንብኝ ዜሮ እሰጥ የነበርኩት ሰውዬ፣ አሁን አሳጥሩ፣ አሳጥሩ እያልኩ መከራቸውን አበላኋቸው። ቤትም ውስጥ ለየልኝ። ባለቤቴ ስንት ሰዓት ሆነ ስትለኝ «አራት። አንቺ ጋስ?» አልኳት። አንዴ አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች።

የያሆዴ ሰሞን ደረሰ። በዚያ ዓመት የቅቤው ዕጣ ዘግይቶ ነው የወጣላት፣ የደረሳትም ትንሽ ነው። አንድ ጠዋት እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ። እሷ እጅ ይዛ የምታስቀምጥ ሴት አይደለችም።

«ዘንድሮ እንኳ ሂድ» አለችኝ። «አባቴ እያረጀ ነው። አንድ ቀን ቤቴን ሳያይ ይሞትና አንተም እኔም እናርፋለን።»

ይሄን ስትል ድምፅዋ አልተለወጠም። ቅዳሜ እሄዳለሁ ብዬ ማልኩላት። እውነት ልሄድም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጫማዬን አስጠርጌ፣ መናኸሪያው ደርሼ፣ የአንጋጫ ሚኒባስ እስኪሞላ አንዲት ሻይ ቤት ቁጭ አልኩ። ሻዩ እስኪመጣ አንዲት ነገር ጣል ላድርግ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ወይ ጣጣ!

የጻፍኩት ይሄ ነው፦ «ያሆዴ ደረሰ። ቅቤው አለ፣ ቡላው አለ። የቀረው ማነው? እናንተ። እኛ ቤት ኑ።»

እንደምታወራ ጻፍ ተብያለሁ፤ እኛ ደግሞ ስናወራ ኑ ሳንል አንጨርስም። ታክሲ ላይ ለተዋወቅነው ሰው ሳይቀር ቤት ና እንላለን። ሻዩን አንዴ ፉት ሳልለው ሰዉ መጉረፍ ጀመረ። ሰላምታው ተጀመረ። እናቶቻቸውን ጠየቅኩ፣ ከብቶቻቸውን ጠየቅኩ። አንዱ ቤትህ የት ነው ጋሼ ብሎ ጻፈ። ቤትህ የት ነው ለሚል ሰው አልናገርም ይባላል? ከመናኸሪያው ቁልቁል ወርዳችሁ ወፍጮ ቤቱ ጋ ስትደርሱ ማንንም ጠይቁ፣ ያሳያችኋል አልኩ። ቀና ስል የአንጋጫው ሚኒባስ ሞልቶ ሄዷል። ቀጣዩም ሞልቶ ሄደ። እኔ ሻይ ቤቱ ውስጥ ለሰው ሁሉ መልስ እየሰጠሁ ነበር።

ማታ ስልኩን ለባለቤቴ አሳየኋት። እንደዚያ ዓይነት ቁጥር አይቼ አላውቅም፣ ትደሰታለች ብዬ ነው። አነበበችው። አንጋጫ ደርሰህ መጣህ ወይ አለችኝ። ሚኒባሱ እንዴት እንዳመለጠኝ ማስረዳት ስጀምር እጇን አነሳች።

«ለአባቴ ያላልካትን ቃል ለአገር አልካት» አለችኝ።

አባባል ነው እኮ፣ ማን ይመጣል ብለሽ ነው አልኳት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም አለችኝ። ቀጥላም፣ ቢታሽስ ቅቤው መች ይበቃል አለችና ተነስታ ሄደች። እኔ አሁንም ማንም አይመጣም ብዬ ነበር። ሰው ፖስት አንብቦ የሰው ቤት ይሄዳል?

ይሄዳል። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። መጀመሪያ የመጣው ባለሱቁ ነው። «ግማሹ አንባቢህ ደርሷል፣ ሌላው እየመጣ ነው» ብሎ ገብቶ ተቀመጠ። እውነትም እየመጣ ነበር። ከሾኔ ከተማ ሁለት መምህራን በአንድ ሞተር ተፈናጠው መጡ። አራተኛ አድርጎ የጫነኝ ባለባጃጅ ሰው ይዞ መጣና፣ ቤቱ የኔ መሆኑን ሲያይ ሳቀ፣ ባጃጁን አቁሞ እሱም ገባ። ደቡብ አፍሪካ የምትሠራ አንዲት ሴት ለበዓል አገሯ ስትገባ ሻንጣዋን እንደያዘች ከመናኸሪያው ቀጥታ እኛ ጋ መጣች፤ የምሽቱን መኪና እስክሳፈር ሰላም ልበላችሁ ብዬ ነው አለች። ከእነሱ ኋላ ሌሎች። ሁሉም አቅፈው ይስሙኛል፣ እንዴት ነህ ጋሼ፣ ከብት አገኘህ ወይ ይሉኛል። እኔ ያንዳቸውንም ስም አላውቅም። ገጻቸው ላይ ፎቶአቸው አበባ የሆነ፣ አንበሳ የሆነ፣ መኪና የሆነ ሰዎች ናቸው። ይሄ ማነው ብሎ የሚጠይቀኝ ቢመጣ አንበሳው ነው ከማለት ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ባለቤቴ እንግዳ ፊት ፊቷን አታጠቁርም። ቆጮ አቀረበች፣ አይብ አቀረበች፣ አታካናውን እየጨለፈች ለእያንዳንዱ ሰጠች። ሰው እየበላ ያመሰግናታል፣ እሷም ብሉ፣ ጨምሩ ትላለች። እኔ ግን ጓዳ ስገባ ድስቱን አይ ነበር። ወረደ። ወረደ። በመጨረሻ ጭልፋው የድስቱን ቂጥ ሲፍቅ ሰማሁ። በዚያው ቅጽበት በሩ ሌላ ሰው አስገባ። አንድ ባልና ሚስት፣ ከነልጃቸው።

ዓይኔ መደርደሪያው ላይ ወዳለችው ጥቁር ጣባ ሄደ። እንደ ሁልጊዜዋ ተከድናለች። ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ፣ ይቺን ብናቀርብላቸውስ፣ ለነገሩ እሳቸው አይመጡም አልኳት።

«ንካትና እንተያያለን» አለችኝ።

አልጮኸችም። ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እንግዳ ሲበዛባት ያላለቀሰች ሴት ለአንዲት ጣባ ስታለቅስ ቆሜ አየሁ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለዚህ ሁሉ ሰው፣ ስሙን ለማላውቀው፣ ኑ ያለ አፍ ለአንድ ሽማግሌ ተሳስሮ ስንት ዓመት ከረመ። አፈርኩ። እዚያው ጓዳ ውስጥ፣ ከነተጠረገው ጫማዬ፣ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ባለባጃጁ አንገቱን በበሩ አስገባና ጋሼ፣ አንድ ሰው በር ላይ ቆመዋል፣ ይግቡ ብላቸው እንቢ አሉ አለኝ። ሌላ አንባቢ! ምን ልሰጠው ነው ብዬ እየተነጫነጭኩ ወጣሁ።

አማቴ ነበሩ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር በአንድ እጃቸው፣ ከዘራቸውን በሌላው ይዘው ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። ጫማቸውን በሣር ጠርገውታል። ሰላምታውንም አላስረዘሙ።

«ጎረቤቴ ስልኩ ላይ አነበበልኝ» አሉ። «አማችህ ኑ ብሏል አለኝ። ደግመህ አንብብልኝ አልኩት። ደገመልኝ።» ከዘራቸውን መሬቱ ላይ ጫን አደረጉ። «ኑ ያልከው እኔንም ይጨምራል?»

በዚህ ጊዜ ሌላ ሰው ምን እንደሚል አላውቅም። እኔን እንደሁ ታውቁኛላችሁ። አጭር ጻፍ፣ እንደምታወራ ጻፍ እያልኩ ከተማውን ያሰለቸሁት ሰውዬ፣ አፌን ስከፍት ከረባቷን ያሰረችው አማርኛዬ ወጣች። «ውድ አባታችን፣ በቅድሚያ እስካሁን ለተፈጠረው መዘግየት የተሰማኝን ጥልቅ…» እያልኩ እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። ባለባጃጁ ከኋላዬ ሲያስል ሰማሁት።

«ልጄ» አሉ አማቴ፣ «አጭር አድርገው። እግሬን ደክሞኛል።»

«እኛ ቤት ይምጡ» አልኳቸው።

ይሄን እንዳልኩ ገቡ። ለዚያች ለአንዲት ቃል ነበር ይሄ ሁሉ ዓመት።

ቤት ውስጥ የነበረው ሰው በሙሉ ከመቀመጫው ተነሳ። ባለቤቴ ከጓዳ ስትወጣ አየቻቸውና ቆመች፤ ከዚያ አንዲት ቃል በከምባትኛ ተናግራ እግራቸው ላይ ወደቀች። ምን እንዳለች አልጠየቅኳትም። በኮባው ጠቅልለው ያመጡትን ቅቤ ተቀበለቻቸው፣ ለኋለኞቹ እንግዶችም ከሱ ደረሰ። እሳቸው ግን የበሉት ከጥቁሯ ጣባ ነው። ክዳኑን ያነሳችላቸው እሷ ናት። እየበሉ ለእያንዳንዱ እንግዳ አንተ የማን ልጅ ነህ፣ አንቺስ የማን ነሽ እያሉ ጠየቁ፤ ምሽቱ ሳይጋመስ የአበባዋንም የአንበሳውንም አባትና አያት እኔ ጭምር አወቅኩ። የሾኔው መምህር ለሳቸው የሩቅ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ባለሱቁን ደግሞ «ኑ» ብዬ የጻፍኩበትን ስልክ የሸጠልኝ እሱ መሆኑን ሲሰሙ፣ በጥሪው ውስጥ ድርሻ አለህ ብለው መረቁት። እኔን ስለ ሥራዬ አልጠየቁኝም። እኔም አላስረዳሁም።

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉ ቀድሜ ተነሳሁ። እጄ በልማዱ ወደ መደርደሪያው ሄደ። ጣባዋ ታጥባ ተደፍታ ነበር።